አምስት ለሰጪ፣ አምስት ለተቀባይ

ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ባሱንዳ ምድር፣ ትልቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ዝናብ ይጠፋል፣ ናፍጣ ይጠፋል፣ ሰሊጥ ሊጫን ሲል ጆንያ ይጠፋል። ትልቅ ሰው ግን ሞልቶ ተርፏል። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ አያ ስለሺ ነበር፣ ክብሩን አያሳጣው። ለወገን ያልሠራው ሥራ የለም። የእድሩ ሊቀ መንበር ሆነ፣ የእድሩ ድንኳን ጠፋ። የእግር ኳስ ቡድኑ አለቃ ሆነ፣ ኳሷ ጠፋች። ሰው ግን ይሉኝታ የለውም፤ ድንኳን ጠፋ ብሎ ሰው ያማል? ድንኳን እኮ ድሮም ተተክሎ የሚነቀል ነው።

እናላችሁ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዲሽ የሰቀለ ጊዜ፣ አያ ስለሺ ለጉዳይ ገዳሪፍ ሄዶ ፉል ሲበላ፣ ሁለት ጎረምሳ በሽቦ አጥር ውስጥ ተዘግቶባቸው ሲደባደቡ በቴሌቪዥን አየ። ቦክሱ፣ ካራቴው፣ ትግሉ፣ እርግጫው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ቅይጥ ፍልሚያ ይባላል አሉ። እኛ ሠርግ ቤት ጠላው ሲያልቅ ስናየው የኖርነው ነው፤ ስም ያወጣለት አልነበረም እንጂ። አያ ስለሺን የደነቀው ግን ድብድቡ አይደለም። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ነው።

«ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከፍሎ ነው የገባው?» አለና ጠየቀ።

«ከፍሎ ነው» አሉት።

ፉሉን ሳይጨርስ ተነሣ።

በሳምንቱ «የድንበር አካባቢ ፕሮፌሽናል ቅይጥ ፍልሚያ ኮሚቴ» ተመሠረተ። ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም አያ ስለሺ ሆነ። ከጓንቱ በፊት ማኅተሙ ተቀረጸ። ከየቤቱ የአባልነት መዋጮ ተለቀመ። በዚያ መዋጮ ከብት መኪና ላይ የሚጫንበት አሮጌ የብረት በረት ተገዛና ፍልሚያው የሚካሄድበት ሜዳ መሐል ተተከለ። ማንም በነጻ እንዳያይ ደግሞ ስድሳ አዲስ ቆርቆሮ ዙሪያውን ታጠረ። ምስማሩን የመታው ራሱ አያ ስለሺ ነው፤ የሀገር ፍቅር ስላለበት አንድ ምስማር የሚበቃው ቦታ ላይ ሦስት መታ። በቆርቆሮው ላይም በቀይ ቀለም «ገንዘብ ያልፋል፤ ክብር ይኖራል» ተብሎ ተጻፈ። መግቢያ ሃያ የሱዳን ጁኔ።

አሁን ወደ ማሬ እንምጣ። ማሬ ማለት የያረጋል ሚስት ናት፤ እሷም እሱም ከመተማ ወዲህ ተሻግረው ፋሽጋ ማሳ ላይ ሰሊጥ ሲያጭዱ የከረሙ። ከወዲያ፣ መተማ፣ ቤት ጀምረዋል። ግድግዳው ቆሟል፣ ጭቃው ተመርጓል፣ ጣራ የለውም። ጣራ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ እንደማየት ነው። አርባ ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ማሬ ከዚያ ወዲህ ዓለምን የምትለካው በቆርቆሮ ነበር። አህያ ስታይ «ይቺ ስምንት ቆርቆሮ ታወጣለች» ትላለች። የጎረቤቷን የወርቅ ጥርስ ስታይ ደግሞ «ሁለት ቆርቆሮ ከምስማሩ» ትላለች።

ስለዚህ አያ ስለሺ መጥቶ «ያረጋልን ፕሮፌሽናል ላደርገው ነው፣ ስድስት መቶ ጁኔ ይከፈለዋል» ሲላት፣ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አራት ቆርቆሮ» አለች። «ግባ!»

ያረጋል ገባ። የገጠመው ከቱርካ ጋር ነው። ቱርካ ገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ሁለት ጆንያ ባንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ጭኖ እያፏጨ የሚሄድ። ሰው አይጠላም፣ ሰው አይጣላም። በረቱ ውስጥ ሲያስገቡትም ያረጋልን «ሰላም፣ እንዴት ነህ፣ ልጆች ደኅና?» ብሎ ጠይቆ ነው የመታው። ያረጋል ሁለት ቀመሰ፣ አንድ የፊት ጥርስ ተፋ፣ ዘጠኝ መለሰ። ቱርካ ወደቀ። ባጠቃላይ አሥራ አንድ ምት ነው፤ ሻይ ያዘዘ ሰው ሻዩ ሳይመጣለት አለቀ። አራት መቶ ሰው ሃያ ሃያ ከፍሎ ገብቶ ነበር።

አያ ስለሺ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ወጣ።

«የተከበራችሁ ወገኖች! ዛሬ ያየነው ድብድብ አይደለም። የልማት ዘርፍ ነው! ጀግናው ያረጋል የተፋው ጥርስ የግሉ ጥርስ አይደለም፤ የሁላችንም ጥርስ ነው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ጥርሱ የሁሉም ቢሆንም፣ ፉል ማኘክ የተቸገረው ግን ያረጋል ብቻ ነበር።

ማግስቱን ማሬ ነጠላዋን አጣፍታ የባሏን ደመወዝ ልትቀበል ኮሚቴው ቢሮ ሄደች። አያ ስለሺ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በሁለት እጁ አንድ በመስታወት የተለበጠ ወረቀት ሰጣት። ማኅተም አለበት።

«ምንድን ነው ይሄ አያ ስለሺ?»

«የክብር ምስክር ወረቀት ነው። ‹ለአቶ ያረጋል፣ ላሳዩት ጀግንነት› ይላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ገንዘቡስ?»

«ገንዘቡማ ስድስት መቶ ነው፣ ቃል ቃል ነው። አሁን ተቀናሹን እንይ» አለና ወረቀት ዘረጋ። «የበረት ኪራይ መቶ ሃምሳ፣ የጓንት መቶ። የውኃና የበረዶ አርባ። ደም የታጠበበት ሳሙና ሃምሳ። ስሙ ሰሌዳ ላይ ስለተጻፈ የቀለም ሰማንያ። ሐኪም ስላየው ስድሳ...»

«ሐኪሙ መቼ አየው? ሐኪሙ እኮ ከኋላ ተቀምጦ ዱባ ፍሬ ይፈለፍል ነበር!»

«አየው አልኩሽ እንጂ አከመው አልኩሽ? አንቺ ደግሞ ወንበር ላይ ስለተቀመጥሽ ሃያ። ለኮሚቴው እድገት መቶ። የዚህ የያዝሽው መስታወት ሠላሳ።» ደመረና ፈገግ አለ። «ስድስት መቶ ሠላሳ። እንግዲህ ሠላሳ ጁኔ ይጎድልባችኋል፤ ግን አይዞሽ፣ አላስቸኩልሽም።»

ማሬ ወረቀቱን አየች፣ አያ ስለሺን አየች።

«አያ ስለሺ፣ ባሌ ጥርሱን አጥቶ ዕዳ ገባ ማለት ነው?»

«ዕዳ አይባልም። ፕሮፌሽናል ሲኮን እንዲህ ነው። ጭብጨባውን አልሰማሽም? የታላላቅ ሰዎች ደመወዝ ጭብጨባ ነው።»

«ልክ ነህ» አለች ማሬ። «ጭብጨባ ጣራ ላይ ይመታል?»

አያ ስለሺ ጥያቄው ጥልቅ ስለሆነበት ማኅተሙን ማጽዳት ጀመረ።

ማሬ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ሐጅ እስማኤል ዘንድ ሄደች። ሐጅ እስማኤል የትራክተር ባለቤት ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚዳኙ፣ ጢማቸው ሙሉ፣ ቃላቸው አጭር። በዚያው ሳምንት ከኒሙ ዛፍ ሥር ሽማግሌ ተቀመጠ። ጉዳዩ ቀረበ፦ ለፍልሚያ ሰው ተገቢው ዋጋ ስንት ነው?

አንዱ ሽማግሌ፣ ሰው ለመምታት ገንዘብ መቀበል ነውር ነው አሉ። ሌላው፣ እኔ አርባ ዓመት በነጻ ተመትቻለሁ አሉ፤ ሚስታቸው በሕይወት ስላሉ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። አያ ስለሺ ተነሥቶ በሰለጠነው ዓለም እንኳ ይህ ጥያቄ እንዳልተፈታ፣ ጉዳዩ ጥናት እንደሚፈልግ፣ ለጥናቱም መጠነኛ መዋጮ እንደሚያስፈልግ አስረዳ።

ሐጅ እስማኤል እጃቸውን አነሡ።

«ያ ጀማዓ፣ ወገኖቼ፣ እኛ የምናውቀው ሥራ አንድ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጎንበስ ቀና ብሎ፣ ላብ አፍስሶ ቀኑን ሙሉ እጁን የሚወዘውዝ ሠራተኛ በምን ይከፈለዋል?»

«በቁጥር!» አለ ሰው ሁሉ። ሰሊጥ አጫጅ ባሰረው ነዶ ልክ ነዋ የሚከፈለው፤ ባጨደ ልክ ይበላል።

«ኸላስ፣ አለቀ። ይሄም በቁጥር ይሁን። በምት።»

ማሬ ከሴቶቹ መሐል ድምጿን አሰማች። «ሐጅ፣ የተመታውስ? ጥርስ የሚወልቀው ሲያቀምሱ አይደለም፣ ሲቀምሱ ነው።»

«ወላሂ እውነቷን ነው። ላንድ ምት አምስት ጁኔ ለሰጪ፣ አምስት ለተቀባይ። ተቀናሽ የለም። ቆጣሪም ከሠራተኛ ወገን ይሁን።»

አያ ስለሺ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ያለፈው ፍልሚያ አሥራ አንድ ምት። አሥራ አንድ ጊዜ አሥር፣ መቶ አሥር ጁኔ ለሁለቱም! ሳቁ እንዳያመልጠው በመሐረብ አፉን ያዘ። ለክብሩ ያህል ትንሽ አቃሰተ፣ «ኮሚቴውን ልትገድሉት ነው» አለ፣ ከዚያ ሽማግሌው ሐሳብ እንዳይቀይር ብዕሩን ከሰው እጅ ነጥቆ ፈረመ። ሦስት ቅጂ አደረገው። ማኅተሙን ሁለት ሁለት ጊዜ መታበት። ከታችም በገዛ እጁ አንድ አንቀጽ ጨመረ፦ «ፍልሚያው አንዱ እስኪወድቅ ይቀጥላል፤ ማቋረጥ በማንም አይቻልም፤ ደወልና እረፍት የሚባል የለም።» ደወል ለመግዛት ነበር የሰሰተው።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና።

ለሁለተኛው ፍልሚያ አያ ስለሺ የክብር እንግዳ ጠራ፣ በግ አረደ፣ ሱፍ አሰፋ፣ ድምፅ ማጉያ ከገዳሪፍ አስመጣ። የመግቢያው ገንዘብ ገና ሳይሰበሰብ ወጪው ቀድሞ ተጠናቀቀ፤ ሥራ ማቀላጠፍ ማለት ይሄ ነው። በዓርብ ጠዋት ማሬ የባሏን እጅ በጨርቅ ስትጠቀልል እንዲህ ተባባሉ።

«ማሽላ እንዴት ነው የሚወቃው?»

«በዱላ፣ በኃይል ነዋ» አለ ያረጋል።

«ሰሊጥስ?»

«ሰሊጥማ ቀስ ተብሎ። ነዶው ይዘቀዘቅና በቀጭን እንጨት ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ በኃይል ከመታኸው ፍሬው ይበተናል።»

«ቱርካ ሰሊጥ ነው» አለችው። «ትናንት ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ሚስቱም እሺ ብላለች።»

ከጁምዓ ሶላት መልስ ሜዳው ሞላ። አብዛኛው የሰሊጥ ሠራተኛ ነው፤ ወቅቱን ሙሉ የባለማሳው ወኪል ነዶ ሲያጎድልበት የከረመ። አያ ስለሺ ንግግሩን አደረገ፦ ዛሬ ደም እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ታሪክ ይሠራል፣ ልበ ደካማ ዓይኑን ይጨፍን። ቆጣሪዋ ማሬ በረቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ከፊቷ የጠጠር ክምር፣ ከጎኗ ባዶ የዘይት ጣሳ። ዳኛው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ፉጨት ስላልተገዛለት በጣቱ አፏጨ።

ያረጋል ቀረብ አለና ቱርካን ትከሻው ላይ ጠብ አደረገው። የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም።

ቂል! አለ ጠጠሩ ጣሳው ውስጥ።

ቱርካ በተራው የያረጋልን ደረት ጠብ አደረገ። ቂል። ያረጋል ክንዱን። ቂል። ቱርካ ጉንጩን፣ ጥርስ በሌለበት በኩል፣ ለጤናው ሲል። ቂል። እንዲህ እያሉ አንድ መቶ ሞሉ። ቅይጥ ፍልሚያ ስለሆነም እግርም ተጨመረ፤ ያረጋል በእግሩ ጣት የቱርካን ባት ነካ ያደርጋል፣ ቱርካም አጸፋውን በጉልበቱ መታ መታ። አንዳንዴ ተቃቅፈው ይዞራሉ፣ ተቃቅፈውም ጀርባቸውን ይጠበጣጠባሉ፤ ያኔ ማሬ በሁለት እጇ ትወረውራለች።

ሰው መጀመሪያ ጮኸ። «ምንድን ነው ይሄ? ቅጠል እያራገፋችሁ ነው?» ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ አጫጅ ነገሩ ገባውና ሳቁ ፈነዳ። «ኧረ ሰሊጥ ነው! ሰሊጥ እያራገፉ ነው! በቁጥር ነው'ኮ የሚከፈላቸው!» ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ዞረ። ሜዳው የማሳ ዘፈን አነሣ፤ አጫጅ ሲደክመው የሚያዜመውን። ያኛው አውራጅ፣ ይሄኛው ተቀባይ፣ አራት መቶ ሰው በጭብጨባ ምቱን ይዞ፣ በየምቱ «አምስት!» ይላል አንዱ ወገን፣ «አምስት!» ይላል ሌላው። እንዲህ ያለ ደስታ በመጀመሪያው ቀንም አልነበረ።

አያ ስለሺ አራተኛው መቶ ላይ ከክብር እንግዳው ጎን ተነሣ።

«ዳኛ! አስቁም!»

«አንቀጹ አይፈቅድም፣ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንዱ ይውደቅ።»

«ያረጋል፣ ጣለው! ጀግና አይደለህ!»

«አያ ስለሺ፣» አለ ያረጋል ቱርካን ግንባሩ ላይ ጠብ እያደረገ፣ «ነኝ እንጂ፤ ግን ሥራ ላይ ነኝ።»

«ቱርካ! አንተስ ክብር የለህም?»

«ገንዘብ እስኪያልፍ እየጠበቅሁ ነው» አለ ቱርካ፣ የቆርቆሮውን ጽሑፍ በአገጩ እያሳየ።

ሰባተኛው መቶ ላይ ሁለቱ ተፋላሚዎች ቁጭ አሉ። ወደቁ ማለት አይደለም፤ ምሳቸው መጥቶ ነው። ለሠራተኛ ምሳና ውኃ የሚያቀርብ አሠሪው መሆኑን ሐጅ እስማኤል አስታወሱ፤ ለክብር እንግዳው የታረደው በግ ሽንጡ ወደ በረቱ ሄደ። እየበሉም ባንድ እጃቸው ይጠበጣጠባሉ፤ ቂል፣ ቂል። አያ ስለሺ አሁን ላቡ አዲሱን ሱፍ አልፎ ወጣ። ራሱ በረቱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ሊገላግል ሲል፣ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ጠብ አደረጉት።

ማሬ ቀና ብላ አየች። «ይሄስ ይቆጠራል ሐጅ?»

«ተቀባዩ አሠሪው ነው። የሱን አምስት ለራሱ ይክፈል» አሉ ሐጅ እስማኤል።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁሉም ቆመ። አንቀጹ አይፈቅድም፤ ግን በመግሪብ ሥራ መቆሙ ከአያ ስለሺ ማኅተም በፊት የነበረ ደንብ ነው። ማሬ ጣሳውን አፍስሳ ቆጠረች፣ ሐጅ እስማኤል ቆጠሩ፣ አያ ስለሺ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። አንድ ሺ ሁለት መቶ። ለያንዳንዱ ስድስት ሺ ጁኔ።

የመግቢያው ሣጥን ተከፈተ። ውስጡ ደረሰኝ ነበር፦ የበግ፣ የሱፍ፣ የድምፅ ማጉያ።

አያ ስለሺ ወዲያው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «ወገኖቼ! ገንዘብ ምንድን ነው? ገንዘብ...»

«ያልፋል!» አለ ሜዳው ባንድ አፍ።

ሐጅ እስማኤል ጢማቸውን ዳሰሱ። «ያ ጀማዓ፣ የማሳ ባለቤት ኪሱ ውስጥ ቁሩሽ ሲያጥረው አጫጁ ሐቁን ከምን ይወስዳል?»

«ከማሳው!»

ማሳው ምን አለው? በረት አለው፤ አጥር አለው። በገበያው ዋጋ ሲሰላ አርባው ቆርቆሮ ለያረጋል፣ ሃያው ቆርቆሮና የበረቱ ብረት ለቱርካ ደረሰ። ሰው ሁሉ ተረባርቦ ምስማሩን ነቀለ፤ ያ አጥር ሲወርድ ከውጭ በነጻ ለማየት በቀዳዳ ሲያጮልቁ የዋሉ ልጆች ሁሉ ተጋለጡ፣ እነሱም አጨበጨቡ። አያ ስለሺ ባዶው ሜዳ መሐል በሱፉ ቀረ።

«ለኔስ?» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ለኔ ምን ቀረ? የደከምኩት እኔ!»

ማሬ ከነጠላዋ ሥር ያንን በመስታወት የተለበጠ ወረቀት አወጣች። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ ልክ እሱ እንደሰጣት አድርጋ ሰጠችው።

«የክብር ምስክር ወረቀት አያ ስለሺ። ላሳዩት ጀግንነት። የመስታወቱ ሠላሳ ጁኔ ይጎድልብሃል፤ ግን አይዞህ፣ አላስቸኩልህም።»

ኮሚቴው እዚያው ላይ በክብር ፈረሰ። ቱርካና ያረጋል እንደ ሚዜ ተዋደው አሁን ልጅ ክርስትና ይነሣሣሉ። አያ ስለሺ ግን ሥራ የማይፈታ ሰው ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ለአዲስ ጉዳይ፣ አንድ ለሕዝብ የሚበጅ ጉዳይ፣ በገላባት ተሻግሮ መተማ ሄደ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘው። ካገኘው ደጅ ሮጦ ገባ፤ የማሬ ቤት ሆኖ አረፈው።

ማሬ ሰው አክባሪ ናት። በርጩማ አቀረበች፣ ሻይ አፈላች። ዝናቡ አርባውን ቆርቆሮ ሲመታው ባሱንዳ ሜዳ ላይ አራት መቶ ሰው የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር። አያ ስለሺ ቀና ብሎ ሲያይ የራሱ ቀይ ጽሑፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ያየዋል። ሻዩን ጠጣ። በዚህ መሐል ጠብ አለበት፤ ሱፉ ትከሻ ላይ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ። ያ ሦስት ሦስት ምስማር የመታበት ቀዳዳ ነው።

«ማሬ፣ ጣራሽ ያፈሳል እኮ» አላት።

«አይ አያ ስለሺ፣» አለች ስኳሩን እያቀበለችው፣ «ያ ተቀናሹ ነው።»